የስቲም ትራፕ አገጣጠምና ጥገና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት በእንፋሎት መስመር ላይ የሚሠሩ ቴክኒሻኖችና የጥገና ኃላፊዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ “ፍጹም ግፊት” (የከባቢ አየርንም ግፊት ጨምሮ የሚቆጠር) ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ግፊቶቹ በሙሉ በጌጅ የሚነበቡ ናቸው።

ስቲም ትራፕ ምንድን ነው? ሥራውስ ምንድን ነው?

ስቲም ትራፕ እንፋሎቱን እየያዘ ውሃውን የሚለቅ፣ ያለ ሰው እጅ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። እንፋሎት በቧንቧ ውስጥ ሲጓዝም ሆነ በማሞቂያ መሣሪያ ውስጥ ሙቀቱን ሲያስረክብ ወደ ውሃ ይመለሳል፤ ይህን ውሃ በሙያው ኮንደንሴት እንለዋለን። ትራፑ ኮንደንሴቱን፣ መስመሩ ቆሞ በነበረበት ጊዜ የገባውን አየር እንዲሁም እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያሉ ወደ ውሃ የማይለወጡ ጋዞችን ማስወጣት አለበት፤ ሙቀቱን ያላስረከበ እንፋሎት ግን እንዲያልፍ መፍቀድ የለበትም።

የዚህ ሥራ ክብደት በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በ7 ባር ላይ ያለ እንፋሎት ሙቀቱ 170 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲሆን፣ አንድ ኪሎ ግራሙ ወደ ውሃ ሲለወጥ 2,048 ኪሎ ጁል ያህል ድብቅ ሙቀት ይሰጣል። የሚቀረው ውሃ ከዜሮ ዲግሪ ጀምሮ ሲሰላ የያዘው 721 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። ይህ ውሃ ሳይወጣ በማሞቂያው ውስጥ ከተኛ ለእንፋሎቱ የተሠራውን ወለል ይይዝበትና የማሽኑ አቅም ይወርዳል። የአየር ጉዳትም ከዚህ አያንስም፦ በ4 ባር ፍጹም ግፊት ላይ ንጹሕ እንፋሎት 143.6 ዲግሪ ይሞቃል፤ ከይዘቱ ሩቡ አየር ከሆነ ግን የእንፋሎቱ የግፊት ድርሻ 3 ባር ብቻ ስለሚሆን ሙቀቱ ወደ 133.5 ዲግሪ ይወርዳል። ጌጁ ሙሉ ግፊት እያሳየ ማሽኑ በሚጠበቀው መጠን የማይሞቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውሃውን በተራ ቫልቭ፣ ጥቂት ከፍቶ በመተው ማስወጣት አይቻልም?

ውሃው መውጣቱ ይወጣል፤ ችግሩ የኮንደንሴቱ መጠን ቋሚ አለመሆኑ ነው። ቀዝቃዛ ቧንቧ በሚሞቅበት ጊዜ የሚፈጠረው ውሃ መስመሩ ከሞቀ በኋላ ከሚፈጠረው በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ለመነሻው በሚበቃ መጠን የተከፈተ ቫልቭ ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ሲያፈስ ይውላል፤ ለሥራ ሰዓቱ ብቻ የተመጠነው ደግሞ መስመሩ ሲነሣ ውሃ ያስተኛል። በ7 ባር ላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክፍት ቀዳዳ በሰዓት ከ20 ኪሎ ግራም በላይ እንፋሎት ያሳልፋል። ቦይለሩ ዓመቱን ሙሉ ያለማቋረጥ የሚሠራ ከሆነ ይህ ብቻውን ከ175 ቶን በላይ ይሆናል። የሚባክነው ደግሞ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፤ ተጣርቶ፣ ኬሚካል ተጨምሮበት፣ ነዳጅ የተቃጠለበት ውሃ ነው።

ምን ምን ዓይነት ትራፖች አሉ? የትኛው የት ይስማማል?

አይ.ኤስ.ኦ. 6704 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ትራፖችን በአሠራራቸው በሦስት ይከፍላቸዋል። መካኒካል የሚባሉት በውሃና በእንፋሎት የክብደት ልዩነት የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ተንሳፋፊ ኳስ ያላቸውና የተገለበጠ ባልዲ ያላቸው በዚህ ውስጥ ይገኛሉ። ቴርሞስታቲክ የሚባሉት የሙቀት ልዩነትን ይከተላሉ፤ ውሃው ከእንፋሎቱ ሙቀት በተወሰኑ ዲግሪዎች እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ስለሚከፈቱ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ከመግቢያቸው በፊት ይተኛል። ቴርሞዳይናሚክ ወይም በተለምዶ ዲስክ ትራፕ የሚባለው ደግሞ በፍጥነትና በግፊት ልዩነት የሚሠራ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰው ክፍሉ አንዲት ክብ ሳህን ብቻ ናት።

የኳስ ትራፕ ውሃው በመጣ ቁጥር ሳያቋርጥ ስለሚለቅና ጭነቱ ሲለዋወጥ አብሮ ስለሚለዋወጥ፣ ኮንትሮል ቫልቭ (እንፋሎቱን እየመጠነ የሚያስገባ ቫልቭ) ላለው ሂት ኤክስቼንጀር (በእንፋሎት ሌላ ፈሳሽ የሚያሞቅ መሣሪያ) ከእሱ የተሻለ አላውቅም፤ የቴርሞስታቲክ አየር ማስወጫ በውስጡ ያለው መሆኑን ግን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ድክመቱ በዋተር ሀመር (የተከማቸ ውሃ በቧንቧው ውስጥ ተወርውሮ በሚያደርሰው ምት) ኳሱ መጨማደዱና በብርድ መሰንጠቁ ነው። የባልዲ ትራፕ ጠንካራና ዱላ የሚችል ቢሆንም፣ አየር የሚያስወጣው በባልዲው አናት ላይ ባለች ትንሽ ቀዳዳ በመሆኑ መስመር ሲነሣ ይዘገያል፤ ውስጡ ያለውን የውሃ ማሸጊያ ካጣም እንፋሎት ይለቃል። ዲስክ ትራፕ ትንሽ፣ ርካሽና ከመጠን በላይ የሞቀ እንፋሎትንም የሚቋቋም ስለሆነ ለዋና መስመር ይስማማል፤ ከመውጫው በኩል ያለው ግፊት ከፍ ሲል ግን መዝጋት ያቅተዋል። ቴርሞስታቲክ ትራፖች ሌላ ቧንቧን ተከትለው እየሄዱ ለሚያሞቁ ቀጫጭን ቧንቧዎችና አየር በብዛት ለሚወጣባቸው መሣሪያዎች ይሆናሉ፤ ውሃ ፈጽሞ መተኛት በሌለበት ቦታ ግን ሊገጠሙ አይገባም።

በዋናው የእንፋሎት መስመር ላይ ትራፕ የት የት ይገጠማል?

ዋናው መስመር እንፋሎቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ሊዘረጋ፣ በየ30 እስከ 50 ሜትሩም የውሃ ማጠራቀሚያ ኪስና ትራፕ ሊኖረው ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ትራፕ የግድ የሚሆንባቸው ቦታዎች አሉ፦ ቧንቧው ወደ ላይ ከሚታጠፍበት ሥር፣ ከኮንትሮል ቫልቭና ከግፊት መቀነሻ ቫልቭ በፊት፣ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከሚቆይ ቫልቭ በፊት እና በመስመሩ መጨረሻ ላይ። የመስመሩ መጨረሻ አየር የሚገፋበት ማዕዘን ስለሆነ እዚያ ለብቻው አየር ማስወጫ ማከልም ተገቢ ነው።

በፕላን ላይ የማይታዩ ቦታዎችም አሉ። በሁለት ድጋፎች መካከል የረገበ ቧንቧ ራሱን የቻለ የውሃ ጉድጓድ ነው። የቧንቧው ስፋት በሚቀንስበት ቦታ መሃል ለመሃል የሚገጥም ሬድዩሰር ከተበየደ፣ ከሥሩ የሚፈጠረው እርከን ውሃ ይይዛል፤ እዚያ የሚገባው ሥሩ ዝርግ የሆነው ሬድዩሰር ነው። መስመሩን ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ ከጎን መመልከት ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ የበለጠ ይናገራል።

የውሃ ማጠራቀሚያው ኪስ ምን ያህል ትልቅ ይሁን? ቀጭን ቧንቧ ከሥር መብየድ አይበቃም?

አይበቃም። በዋና መስመር ውስጥ እንፋሎት በሰከንድ 25 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ውሃው ደግሞ በቧንቧው ሥር እየተንሸራተተ አብሮት ይነዳል። አንድ ጊዜ መንኳኳቱ አልቆም ብሎ የተጠራሁበት መስመር ስፋቱ 150 ሚሊሜትር ነበር፤ ትራፖቹም ሁሉም ደህና ነበሩ። ነገር ግን ወደ እያንዳንዱ ትራፕ የሚወርደው ከዋናው ቧንቧ ሥር የተበየደ 15 ሚሊሜትር ቧንቧ ብቻ ስለነበር፣ ውሃው በላዩ ዘሎት ያልፍ ነበር። ቀዳዳው ለሚሮጥ ውሃ እንደ ስንጥቅ ነው፤ ሊገባበት ጊዜ የለውም።

ስፋቱ እስከ 100 ሚሊሜትር ለሆነ መስመር ኪሱ ከመስመሩ ጋር እኩል ስፋት ያለው፣ ማለትም በተራ ቲ የሚሠራ ይሁን። ከዚያ በላይ ለሆነ መስመር ኪሱ ከመስመሩ ስፋት ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከ100 ሚሊሜትር አይነስ። ወደ ትራፑ የሚሄደው ቅርንጫፍ የሚወጣው ከኪሱ ጎን እንጂ ከሥሩ አይደለም፤ ምክንያቱም ዝገት፣ የብየዳ ፍንጣሪና አሸዋ ከሥር እንዲቀሩ ያስፈልጋል። ሥሩ በፍላንጅ ተደፍኖ የማጠቢያ ቫልቭ ቢገጠምለት ጭቃውን በየጊዜው መልቀቅ ይቻላል።

በትራፑ ዙሪያ ምን ምን ይገጠማል? በምን ቅደም ተከተልስ?

ከኪሱ ተነሥቶ በፍሰቱ አቅጣጫ መዝጊያ ቫልቭ፣ ማጣሪያ፣ ትራፑ፣ መፈተሻ ቫልቭ ወይም የመመልከቻ መስታወት፣ ቼክ ቫልቭ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ)፣ በመጨረሻም ሁለተኛው መዝጊያ ቫልቭ ይከተላሉ። ቼክ ቫልቩ የግድ የሚሆነው ትራፑ ወደ ከፍታ ወይም ሌሎች ትራፖች ወደሚጋሩት መመለሻ መስመር ሲለቅ ነው። በትራፑ ግራና ቀኝ ዩኒየን ወይም ፍላንጅ ካልኖረ ወደፊት ትራፑን ለመፍታት ቧንቧ መቁረጥ ይመጣል። በትራፑ አካል ላይ የተቀረጸው ቀስት ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ መዞሩን ማየት ቀላል ነገር ይመስላል፤ ተገልብጦ የተገጠመ ትራፕ ግን ያልተለመደ ግኝት አይደለም። የኳስ ትራፕ ደግሞ ከቀስቱ ሌላ የላይና የታች አቅጣጫ አለው፤ ክንዱ ወደ ላይና ወደ ታች መንቀሳቀስ ካልቻለ ትራፑ ከብረት ቁራጭ አይለይም።

የዋይ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ በእንፋሎት መስመር ላይ ወንፊቱ ወደ ጎን እንዲተኛ ይገጠማል፤ ወደ ታች ሲሆን ኪሱ ውሃ ይይዝና በእንፋሎት እየተነጠቀ ይመታል። አዲስ መስመር ከተነሣ በኋላ ወንፊቶቹ ሁሉ አንድ ጊዜ ተፈተው መታየት አለባቸው። የብየዳ ፍንጣሪ፣ የተበጣጠሰ ቴፍሎን፣ የቧንቧ ጥርስ ሲወጣ የቀረ የብረት ቅርፊት ተጠቅልሎ ይገኝበታል። ያ ሁሉ ወንፊቱን አልፎ ቢሆን ኖሮ መቀመጫው ላይ ተቀርቅሮ ትራፑን ከፍቶ ያስቀረው ነበር።

ትራፑን በጎን የሚያልፍ ባይፓስ ብዙዎች ይወዱታል፤ እኔ ግን አልመክረውም። ባይፓስ ቫልቭ አንድ ቀን ለመነሻ ተብሎ ይከፈታል፤ ከዚያ የሚዘጋው ሰው ይጠፋል። የግድ ከሆነም ከትራፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ።

የትራፑን መጠን በቧንቧው ስፋት መምረጥ ይቻላል?

አይቻልም። 20 ሚሊሜትር መግቢያ ያላቸው ሁለት ትራፖች የማስወጣት አቅማቸው በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል፤ አቅሙን የሚወስኑት በውስጡ ያለው ቀዳዳና በመግቢያውና በመውጫው መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ናቸው። ስሌቱ የሚጀምረው መሣሪያው በሰዓት ስንት ኪሎ ግራም ኮንደንሴት ያወጣል ከሚለው ነው። ለዋና መስመር ይህን በ2፣ በኮንትሮል ቫልቭ ለሚሠራ ሂት ኤክስቼንጀር በ3 ማባዛት የተለመደ ነው። ካታሎግ ሲነበብ አቅሙ የተሰጠው ለቀዝቃዛ ውሃ ወይስ ለሞቀ ኮንደንሴት መሆኑ ይጣራ፤ የሞቀ ኮንደንሴት በቀዳዳው ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ወደ እንፋሎት ስለሚለወጥና መተላለፊያውን ስለሚያጠብ ያው ቀዳዳ የሚያሳልፈው መጠን ይቀንሳል። “ትልቁ ይሻላል” ብሎ ማሳደግም ጉዳት አለው፦ ለጭነቱ እጅግ የተለቀ ትራፕ ሲያረጅ የሚያፈሰውም በዚያው ልክ ይበዛል።

ጎን ለጎን ላሉ ማሽኖች አንድ ትራፕ አይበቃም?

አይበቃም፤ ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ቢሆኑም እንኳ። እያንዳንዱ ማሽን በእንፋሎት አጠቃቀሙ የተነሣ በውስጡ የሚቀረው ግፊት ይለያያል። መውጫቸው በአንድ ትራፕ ላይ ከተገናኘ፣ ከፍ ያለ ግፊት ያለው ማሽን ዝቅ ያለውን ማሽን ውሃ እንዳይወጣ ይገታዋል፤ የዘገየው ማሽን ይበልጥ ይዘገያል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ትራፕ ይሁን። ከትራፖቹ በኋላ መመለሻ መስመሩን መጋራት ግን ችግር የለውም።

ከትራፑ መውጫ ነጭ ጉም ይታያል። እንፋሎት እያመለጠ ነው ማለት ነው?

የግድ አይደለም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ደህና ትራፖች ተፈትተው ተጥለዋል። በ7 ባር ላይ ያለ ኮንደንሴት ወደ ከባቢ አየር ሲለቀቅ ውሃ ሆኖ ሊይዘው የሚችለው ሙቀት 419 ኪሎ ጁል ያህል ብቻ ነው። ከ721 የተረፈው 302 ኪሎ ጁል ከውሃው ውስጥ 13 በመቶ ያህሉን መልሶ ያተናል። ይህ ፍላሽ ስቲም ይባላል፤ ትራፑ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም መፈጠሩ አይቀርም። በክብደት ትንሽ ቢሆንም በይዘት ሲታይ ከአንድ ኪሎ ግራም ኮንደንሴት 0.9 ሊትር ያህል ውሃ ከ220 ሊትር በላይ ከሆነ እንፋሎት ጋር አብሮ ይወጣል፤ ለዚህ ነው ዓይን ጉሙን ብቻ የሚያየው።

ልዩነቱን ለማየት ከመውጫው አፍ አጠገብ ያለውን ቦታ በጎን በኩል፣ በአስተማማኝ ርቀት መመልከት ያስፈልጋል። ፍላሽ ስቲም ከአፉ ጀምሮ ነጭና ለስላሳ ሆኖ ውሃ እያንጠባጠበ ይወጣል፤ ዲስክና ባልዲ ትራፕ ላይ ደግሞ መጥቶ ያቆማል። የሚያመልጥ እንፋሎት ግን ከአፉ ጥቂት ርቀት ድረስ የማይታይ፣ አየሩ ባዶ የሚመስል ክፍተት ይተውና ከዚያ በኋላ ነው የሚነጣው፤ ድምፁም ሳያቋርጥ ያፏጫል። ያ ባዶ የሚመስለው ቦታ እጅ ፈጽሞ የማይቀርብበት ነው።

ትራፖች በምን ያህል ጊዜ ይፈተሹ? እንዴትስ?

የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ባወጣው መመሪያ መሠረት ከ10 ባር ገደማ በላይ ባለ መስመር ላይ ፍተሻው በየሳምንቱ እስከ በየወሩ፣ ከ2 እስከ 10 ባር ባለው ላይ በየወሩ እስከ በየሦስት ወሩ፣ ከዚያ በታች ባለው ላይ በዓመት አንድ ጊዜ ይሁን ይላል። ያው ምንጭ ከ3 እስከ 5 ዓመት ጥገና ባልተደረገለት ሥርዓት ውስጥ ከትራፖቹ ከ15 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ተበላሽተው ሊገኙ እንደሚችሉ፣ በመደበኛነት በሚጠገን ግን የሚያፈሱት ከ5 በመቶ በታች መሆን እንዳለባቸው ይገልጻል። ለዚህ ሁሉ መሠረቱ እያንዳንዱ ትራፕ ቁጥር ተለጥፎበት፣ ቦታው፣ ዓይነቱና የተገጠመበት ቀን በመዝገብ መስፈሩ ነው። መዝገብ በሌለበት አንድ ትራፕ በዓመት ሦስት ጊዜ ሲቀየር ለምን ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ከፍተሻ ዘዴዎች ሁሉ በአንዱ ብቻ መተማመን ያሳስታል። ከፍቶ የቀረ ትራፕና በደንብ የሚሠራ ትራፕ ሙቀታቸው እኩል ሊነበብ ስለሚችል፣ ሙቀት ብቻውን የሚያፈስን ትራፕ አያጋልጥም፤ የተዘጋን ትራፕ ግን ወዲያው ያሳያል። የሚያፈስን ትራፕ የሚይዘው ድምፅ ነው። በአልትራሳውንድ መሣሪያ ሲደመጥ የዲስክ ትራፕ ከፍቶ መዝጋቱ ተለይቶ ይሰማል፤ ሳህኑና መቀመጫው ሲያረጁ ግን ክፍተቱ እያጠረ ሄዶ በሰከንድ ከአንድ ጊዜ በላይ ይርገፈገፋል። የኳስ ትራፕ በባሕርዩ ያለማቋረጥ ስለሚለቅ ድምፁን ለመፍረድ ልምድ ይጠይቃል፤ ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ትራፕ ጋር ማነጻጸር ይረዳል።

በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ሲለካ አንድ ጥንቃቄ አለ። የሚያብረቀርቅ ስቴይንለስ ስቲል እውነተኛ ሙቀቱን ስለማያሳይ 170 ዲግሪ የሆነው አካል በእጅጉ ዝቅ ብሎ ይነበባል። ሙቀት የሚችል ጥቁር፣ የማያንጸባርቅ ቀለም በትንሽ ሳንቲም መጠን ከትራፑ በፊትና በኋላ ተቀብቶ ሁልጊዜ እዚያው ላይ ቢለካ፣ የዛሬው ንባብ ካለፈው ወር ጋር ሊነጻጸር ይችላል።

ቀዝቃዛ ትራፕ ካገኘን እንፋሎት ስለማያባክን ልንተወው እንችላለን?

በፍጹም። የሚያፈስ ትራፕ ገንዘብ ያስወጣል፤ ቀዝቃዛ ትራፕ ግን ሰው ሊያስገድል ይችላል። እኔ ሁለቱን በአንድ ቀን ባገኝ የምጀምረው ከቀዝቃዛው ነው። ትራፑ ሲዘጋ ውሃው በዋናው ቧንቧ ውስጥ ይከማቻል፤ እንፋሎቱም ወይ ያንን ውሃ እንደ ድፍን በርሜል ጠርጎ ከክርንና ከቫልቭ ጋር ያላትመዋል፣ ወይም በቀዘቀዘው ውሃ ውስጥ የታፈነ የእንፋሎት አረፋ በቅጽበት ወደ ውሃ ሲለወጥ ዙሪያው ያለው ውሃ ወደ ባዶው ቦታ ተወርውሮ ይጋጫል። ዋተር ሀመር የሚባለው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 18 ቀን 2007 በኒው ዮርክ ከተማ በ1924 የተቀበረ የእንፋሎት ቧንቧ በዝናባማ ቀን ፈንድቶ አንድ ሰው ሞቷል፤ በርካቶችም ቆስለዋል። ምርመራው የደረሰበት መንስኤ የአረፋ መፈራረስ ያስከተለው ዋተር ሀመር ሲሆን፣ በአቅራቢያው የነበሩት ትራፖች ቀደም ሲል ለተደረገ የፍሳሽ ጥገና በገባ ማሸጊያ ተደፍነው ውሃውን ማስወጣት አልቻሉም ነበር። ስለዚህ በመስመሩ ላይ ማንኛውም ማሸጊያ ከተወጋ፣ ከሥሩ ያሉት ትራፖች በዚያው ቀን መፈተሽ አለባቸው።

ትራፕ ቀዝቅዞ ሲገኝ ከመፍታት በፊት መዝጊያ ቫልቮቹ ክፍት መሆናቸው፣ ከዚያ የማጣሪያው ወንፊት፣ ከዚያም ግፊቱ ይታይ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከትራፑ በፊት ባለው አንድ ሜትር ውስጥ ይገኛል። ውሃ የተኛበት ሆኖ ከተገኘ ቫልቩን በአንድ ጊዜ መክፈት ራሱ ዋተር ሀመር ያስነሣል፤ መጀመሪያ እንፋሎቱን መዝጋት፣ ውሃውን በማጠቢያ ቫልቭ በዝግታ ማስወጣት፣ ከዚያም መስመሩን ቀስ እያሉ ማሞቅ ይገባል።

ትራፕ ሲፈታ ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል? መጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር?

ሁለቱም መዝጊያ ቫልቮች ይዘጋሉ፣ በቁልፍ ይታሰራሉ፣ ምልክት ይንጠለጠልባቸዋል። ከበስተኋላ ያለውን ቫልቭ መርሳት የተለመደና አደገኛ ስሕተት ነው፤ በመመለሻው መስመር ሌሎች ትራፖች የለቀቁት የፈላ ውሃ ወደ ኋላ ሊመጣ ይችላል። ከዚያ በመፈተሻ ቫልቩ ግፊቱ ይለቀቃል፤ ቫልቮች በውስጥ ሊያሳልፉ ስለሚችሉ ድምፁ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም መጠበቅና አካሉ እስኪበርድ መታገስ ግድ ነው። ብሎኖቹ የሚላሉት ከሰውነት በራቀው በኩል ካለው ጀምሮ ነው፤ የቀረ ግፊት ካለ ወደዚያ ይወጣል። በቆዩ መስመሮች ላይ ያለ ጋስኬት አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ መፋቅ አይገባም።

የዲስክ ትራፕ ክዳን ሲነሣ ሳህኑንና መቀመጫውን በብርሃን ላይ አዘንብሎ ማየት ነው። ከውስጠኛው ቀለበት ወደ ውጪኛው የምትሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጭረት ብትታይ፣ እንፋሎቱ የሚያመልጠው በእርሷ ነው። መጠነኛ ከሆነች ሳህኑን በዝርግ መስታወት ላይ በመፍጫ ቅባት፣ ስምንት ቁጥር እየሠሩ በማሸት ማስተካከል ይቻላል፤ መቀመጫው ራሱ ከተበላ ግን ድካሙ ዋጋ የለውም። የኳስ ትራፕ ውድ ስለሆነና አካሉ ብዙ ዓመት ስለሚቆይ የውስጥ ዕቃውን ብቻ መቀየር ይሻላል፤ ኳሱ ሲነቀነቅ ውሃ ካሰማ ተበስቷል። ጋስኬት ምንጊዜም አዲስ ይሁን። ሥራው ሲያልቅ የመግቢያው ቫልቭ በዝግታ ይከፈታል፤ ትራፑ ከሞቀ በኋላም አንድ ጊዜ ተደምጦ ውጤቱ በመዝገብ ይሠፍራል።

ትራፑንም ኢንሱሌሽን ማልበስ ይገባል?

በዓይነቱ ይወሰናል። የኳስ ትራፕ ያለ ችግር ሊሸፈን ይችላል። ቴርሞስታቲክ ትራፕ የሚከፈተው ውሃው ሲበርድ ስለሆነ እሱም ሆነ ከፊቱ ያለው 1 ሜትር ያህል ቧንቧ ሳይሸፈን ይቀራል። ዲስክ ትራፕ ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ከሳህኑ በላይ ያለው እንፋሎት ስለማይበርድ ለመክፈት ይዘገያል፤ በአንጻሩ ዝናብና ነፋስ በቀጥታ ካገኘው ያለ ምክንያት ቶሎ ቶሎ ይከፍታል። ለዚህ አምራቾች የሚያቀርቡት ትንሽ ቆብ ይበቃል።

አዲስ የኳስ ትራፕ ገጥመን ምንም ውሃ አያወጣም። ዕቃው ብልሽት አለበት?

ዕቃውን ከመመለስ በፊት በስም ሳህኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ የግፊት ልዩነት ይመልከቱ። የኳስም ሆነ የባልዲ ትራፕ ቫልቩን የሚከፍተው በተንሳፋፊው ጉልበት ሲሆን፣ የእንፋሎቱ ግፊት ደግሞ ቫልቩን በመቀመጫው ላይ ይጫናል። ለ4.5 ባር የተሠራ ትራፕ በ10 ባር መስመር ላይ ቢገጠም ኳሱ በውሃ ተውጦ ሳለ እንኳ ቫልቩን ማላቀቅ አይችልም፤ ትራፑ ደህና ሆኖ ተቆልፎ ይቀራል። አካሉ 16 ባር ይችላል ተብሎ መጻፉ የጥንካሬው ልክ እንጂ የሚከፈትበት ግፊት አይደለም። የሚያሳስተውም ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም ለከፍተኛ ግፊት የተሠራውን በዝቅተኛ መስመር ላይ መግጠም፣ ትራፑን አይቆልፍም፤ ነገር ግን ቀዳዳው ጠባብ ስለሆነ አቅም ያጥረዋል።

ኮንደንሴቱ ከትራፑ በላይ ወዳለ መመለሻ መስመር መውጣት ይችላል?

ይችላል፤ የሚያነሣው ግን ትራፑ ሳይሆን የእንፋሎቱ ግፊት ነው። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ 0.1 ባር ያህል ይጠፋል፤ በመመለሻው መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ደግሞ በላዩ ላይ ይታሰባል። ግፊቱ ቋሚ በሆነበት ዋና መስመር ላይ 5 ሜትር ማንሣት ምንም አይከብድም። ቅርንጫፉ ወደ መመለሻው ቧንቧ ከላይ ይግባ፤ ከሥር ከገባ ፍላሽ ስቲሙ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየፈነዳ መስመሩን ያንኳኳዋል።

ሂት ኤክስቼንጀሩ ጭነቱ ሲቀንስ ይንኳኳል፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል። ትራፑን ብንቀይርም አልተሻለም፤ ለምን?

ምክንያቱም ችግሩ የትራፑ አይደለም። የሚሞቀው ፈሳሽ ወደሚፈለገው ሙቀት ሲቃረብ ኮንትሮል ቫልቩ እንፋሎቱን ይቀንሳል፤ በሂት ኤክስቼንጀሩ ውስጥ ያለው የእንፋሎት ግፊትም አብሮ ይወርዳል። ፈሳሹ የሚሞቀው እስከ 60 ዲግሪ ከሆነ፣ በዝቅተኛ ጭነት ጊዜ የሚበቃው የእንፋሎት ሙቀት ከ100 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል፤ ይህም ማለት በውስጡ ያለው ግፊት ከከባቢ አየር ያነሰ ነው። ከመውጫው በኩል ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ካለ፣ ውሃውን የሚገፋ ምንም ኃይል አይኖርም። ውሃው ተመልሶ ቱቦዎቹን ይሸፍናል፤ ሙቀቱ ሲወርድ ቫልቩ ይከፈታል፤ እንፋሎት በተኛው ውሃ ላይ ይገባል፤ መንኳኳቱም ይጀምራል። ትራፑን ማሳደግ ይህን አይለውጠውም፤ የግፊት ልዩነት ዜሮ ሲሆን የትልቁም የትንሹም ትራፕ አቅም ዜሮ ነው።

መፍትሔው ከመውጫው ይጀምራል። ትራፑ ከመሣሪያው ሥር በቂ ቁልቁለት አግኝቶ በስበት ብቻ ክፍት ወደሆነ ታንክ መልቀቅ ከቻለ፣ በመሣሪያው እንፋሎት በኩል ቫኩዩም ብሬከር (ግፊቱ ከከባቢ አየር ሲያንስ አየር የሚያስገባ ቫልቭ) መግጠም ይበቃል። መመለሻው ከፍታ ወይም ግፊት ካለው ግን ቫኩዩም ብሬከር አይረዳም፤ ምክንያቱም የሚያደርገው ግፊቱን እስከ ከባቢ አየር ማንሣት ብቻ ነው። እዚያ የሚያስፈልገው ኮንደንሴቱን በሌላ እንፋሎት ኃይል የሚገፋ ፓምፕ ትራፕ ነው። ብዙ ቦታ እንደ መፍትሔ የሚታየው የመውጫ ቫልቩን ከፍቶ ውሃውን ወደ ወለል ማፍሰስ ሲሆን፣ መንኳኳቱን ቢያስቆምም የጠራ የሞቀ ውሃን በየቀኑ ያስጥላል። በተጨማሪም በመሣሪያው ውስጥ በሚተኛው የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሟሟ ካርቦኒክ አሲድ ይፈጥራል፤ የሂት ኤክስቼንጀር ቱቦዎች በታችኛው በኩል ብቻ ተበልተው ከተገኙ ቀድሞ መጠርጠር ያለበት ይህ የውሃ መተኛት ነው።